ከፏፏቴው በፊት የእግር ውሃ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከአስፋልት ዳር ባለ ሕንፃ ላይ 110 ካሬ ሜትር የሚሆን ምድር ወለል ለ5 ዓመት ተከራይቻለሁ። የቀን ስፓ ልከፍትበት ነው፤ ማሳጅ፣ የእንፋሎት ክፍል፣ የፊትና የእግር እንክብካቤ፣ የሙሽሮች ዝግጅት ይኖረዋል። ሰፊ እንግዳ መቀበያ ከግድግዳ ፏፏቴ ጋር፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ፖርሴሊን ወለል፣ ባለ ቀለም መብራት ያለው የጂፕሰም ኮርኒስ አስቤያለሁ። ሠራተኛው አምስት የማሳጅ ክፍል ይወጣዋል ብሎኛል። ገንዘቤ ውስን ነው። እንግዳው ገና ሲገባ በደስታ የተቀበልነው እንዲመስለው የትኛውን ቀለምና ጌጥ ልምረጥ?»

ምላሽ፦ ቀለምና ጌጥ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እርስዎ ግን ከእርሱ ጀምረዋል። የነገሩኝ ዕቅድ የሆቴል መግቢያ ዕቅድ ነው። ሆቴል የሚገባ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ፊት ለፊት እያየ ስለሚገባ የሚያብረቀርቅ ወለልና ከፍ ያለ ፏፏቴ ዓይኑን ይስበዋል። ስፓ የሚመጣ ሰው ግን ትንሽ ቆይቶ ልብሱን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ተራምዶ፣ በማያውቀው ሰው እጅ ሥር ይተኛል። ቤትዎን የሚመዝነው በውስጥ እግሩ፣ በቆዳው፣ በጆሮውና በአፍንጫው ነው። ዓይኑም ቢሆን በጀርባው ሲተኛ ኮርኒሱን፣ በሆዱ ሲተኛ ደግሞ በአልጋው የፊት ቀዳዳ በኩል ወለሉን ነው የሚያየው። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው መደነቅ ሳይሆን መተማመን ነው።

ስለዚህ ሠራተኛ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ባዶው ቤት ይግቡ፣ ጫማዎን ያውልቁ፣ አልጋ ሊቀመጥባቸው በታሰቡት ቦታዎች ሁሉ ፍራሽ አንጥፈው ለሩብ ሰዓት በጀርባዎ ይተኙ። የትኛው ጥግ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ እንደሚሰማ፣ ከየት በኩል ብርድ እንደሚገባ፣ የጎረቤት ምግብ ቤት ሽታ የት እንደሚደርስ ይጻፉ። ከየስልኩ ከሰበሰቡት ፎቶ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅምዎ ይህ ጽሑፍ ነው።

እንግዳን መቀበል ከሆነ ጉዳዩ፣ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። በቤታችን ልማድ ከመንገድ ለደረሰ እንግዳ ከምግብ በፊት የሚቀርበው የእግር ውሃ ነበር። የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ እግር ያጥባል፤ የታጠበው ሰው ይመርቃል። ለስፓ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ከበሩ ጥቂት ሜትር ገባ ብሎ፣ በሩ ሲከፈት ከመንገድ በማይታይ ጥግ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ይሥሩ። በአምስት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ጫማው እዚያው ይቀራል፤ ነጠላ ጫማ ይሰጠዋል። የክረምቱ ጭቃ ከዚያ አያልፍም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። አጣቢዋ ጎንበስ ብላ በለሆሳስ «እርጉዝ ነዎት? ደም ግፊት አለብዎት? ቁስል ወይም የሚያሳክክዎ ቅባት አለ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ይህ ጥያቄ በሰው ፊት፣ ከባንኮኒ ማዶ ሲጠየቅ ብዙ ሴቶች እውነቱን አይናገሩም፤ የእንፋሎት ክፍል ውስጥ ከባድ ችግር የሚመጣውም ካልተነገረው ነገር ነው።

ፏፏቴው ከዚህ አንዱንም አይሠራም። ግድግዳውን ያረጥባል፣ ውሃው ይሻግታል፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የማያቋርጥ የውሃ ድምፅ ደግሞ ተኝቶ ለሚታሽ ሰው ሽንት ሽንት ያሰኘዋል። ጎንደር ውሃ በፈረቃ የሚደርሳት ከተማ ናት። ጠዋት ጀሪካን ይዛ ስትንከራተት የዋለች ሴት ከሰዓት በኋላ ቤትዎ ስትመጣ ለጌጥ የሚፈስ ውሃ ማየቷ ደስ የሚላት አይመስለኝም።

አምስት የማሳጅ ክፍል የሚለውን ይተዉት። የማሳጅ አልጋ ወርዱ ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.85 ሜትር ገደማ ነው። ሠራተኛዋ ክንዷን ዘርግታ እንድትሠራ በሁለቱም ጎንና በራስጌ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋታል፤ ልብስ መስቀያ፣ ወንበርና ትንሽ መደርደሪያ ሲጨመር ክፍሉ 3 በ3.5 ሜትር ይሆናል። አምስቱ ብቻ የወለልዎን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። ያኔ የሚጠፋው ማንም በፎቶ የማያሳየው ነው፤ የፎጣ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ የሠራተኞች ማረፊያ፣ የንጹሕና የቆሻሻ ፎጣ መለያ። ሠራተኞች ምሳቸውን የሚበሉት ኮሪደር ላይ ከሆነ እንግዳው የሚተኛው በወጥ ሽታ መካከል ነው። እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው፦ ሁለት ክፍል እያንዳንዳቸው 10.5 ካሬ፤ አንድ ሰፊ ክፍል 16 ካሬ፤ መቀበያው ከእግር ማጠቢያው ጋር 18፤ እንፋሎት፣ ሻወርና ልብስ መለወጫ 20፤ ማጠቢያ፣ ማድረቂያና የሠራተኞች ማረፊያ 15፤ መጸዳጃ 5፤ የቀረው መተላለፊያ። ሰፊው ክፍል ለሙሽራና ለሚዜዎቿ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሙሽራ ብቻዋን አትመጣም፤ እህት፣ አክስት፣ ጓደኛ ይከተላታል። እነርሱን መቀበያው ላይ ደርድረው ካስቀመጧቸው ሌላው እንግዳ ጸጥታ አያገኝም። ሠርግ በማይኖርባቸው የጾም ወራት ያው ክፍል ለሁለት ሰው ማሳጅ ወይም ለእግር እንክብካቤ ይሆናል።

የማሳጅ ክፍሎቹን ከአስፋልቱ አርቀው ወደ ኋላ ይውሰዷቸው። ወደ መንገድ የሚቀረው መቀበያው፣ መጸዳጃውና ማጠቢያው ነው። ድምፅ ከግድግዳው ይልቅ በበሩ ነው የሚያልፈው። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን በር ከገዙ በጎማ ቢዘጉትና ከሥር ያለውን ክፍተት ቢደፍኑትም የግድግዳው ወጪ ግማሹ ባክኖ ይቀራል፤ ጠጣር የእንጨት በር ይግዙ። የክፍሎቹ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ማቆም የለበትም፤ እስከ ላይኛው ሶሌታ (የኮንክሪቱ ጣሪያ) መድረስ አለበት። ይህን የሚዘነጉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ አንዷ እንግዳ ለሠራተኛዋ የምትነግራትን የቤቷን ጉዳይ በሚቀጥለው ክፍል የተኛችው ከሰማች ሁለቱም አይመለሱም።

ሙቀቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ማሞቂያ አያስፈልግም ይባላል። ልብስ ለለበሰ ሰው እውነት ነው። ዘይት የተቀባ፣ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት የተኛ ገላ ግን በ21 ዲግሪ ይንቀጠቀጣል። የማሳጅ ክፍል ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። ርካሹ መንገድ ክፍሉን ሁሉ ማጋል ሳይሆን አልጋውን ማሞቅ ነው፤ ለማሳጅ አልጋ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ከአንሶላው ሥር ያንጥፉ፣ ክፍሉ ውስጥ ዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ራዲያተር ያቁሙ። መብራት በጠፋ ሰዓት ጋቢ አለ፤ እጥፍ ጋቢ ለብሶ የተኛ ሰው የሚሰማውን መጠለል ምንም ዓይነት ከውጭ የመጣ ብርድ ልብስ አይሰጠውም። ከሰል ግን በምንም ምክንያት በዝግ ክፍል አይግባ። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ እያስመሰለ ይገድላል። እንግዳው «ደስ የሚል ድካም ተሰማኝ» እያለ ራሱን ሊስት ይችላል። የቡናው ምድጃም ቢሆን ቦታው መስኮቱ የተከፈተ መቀበያ ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ። አንድ ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ያህል ያፈሳል፤ 8 ደቂቃ የቆመ ሰው 72 ሊትር ይወስዳል። በቀን 12 እንግዳ ቢመጣ ወደ 860 ሊትር ነው። እግር ማጠቢያው፣ ፎጣውና ጽዳቱ ሲጨመሩ ከ1,200 ሊትር በታች አያንሱ። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ቀን ተኩል፣ ማለትም 3,000 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልግዎታል። ሦስት ሺህ ሊትር ሦስት ቶን ነው፤ መሐንዲስ ሳያየው ጣሪያ ላይ አይስቀሉት። ሮቶውን ጓሮ መሬት ላይ አስቀምጠው በፓምፕ ይግፉት። የሙቅ ውሃውን ስሌትም ይያዙ፦ 80 ሊትር ማሞቂያ ከ18 ዲግሪ እስከ 60 ለማድረስ በ2 ኪሎ ዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ 150 ሊትር ያህል የመታጠቢያ ውሃ ይሆናል። ይህ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። አንድ ማሞቂያ ገዝተው ሦስተኛዋን እንግዳ ሳሙና እንደተቀባች ቀዝቃዛ ውሃ እንዳያስነኳት። ባለቤቱ ከፈቀደ የፀሐይ ማሞቂያ ይትከሉ፤ ከክረምቱ ወራት በቀር ጎንደር ለፀሐይ አትቸገርም፤ ኤሌክትሪኩ መጠባበቂያ ይሁን። ውሃውን ለቁጠባ ብለው 40 ዲግሪ ላይ አያከማቹት። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ የቆመ ውሃ ሌጅዮኔላ የሚባለውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ ያራባል፤ 60 ላይ አከማችተው ሻወሩ ጋ በመቀላቀያ 40 ያድርጉት።

የእንፋሎት ክፍል ከሳውና ጋር ይምታታል። ሳውና ከ70 እስከ 90 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ የእንጨት ክፍል ነው፤ እንፋሎቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ መቶ በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ከሙቀቱ ይልቅ ውሃው ነው ሕንፃውን የሚበላው። አንድ ጊዜ ጂፕሰም ኮርኒስ የተሠራለት የእንፋሎት ክፍል እንድመለከት ተጠርቼ ነበር፤ ሲከፈት ያማረ ነበር ተባልኩ፤ እኔ ስደርስ ኮርኒሱ አብጦ፣ ከጀርባው ሻግቶ፣ አንዱ ጥግ ተገንጥሎ ወርዶ ነበር። ማንም ሥሩ ስላልተቀመጠ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ኮርኒሱ ሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ የተለሰነ ይሁን፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በእንግዳው ጀርባ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ አንድ ግድግዳ ያዘንብል። ከሴራሚኩ ሥር ወለሉም ግድግዳውም ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባ፤ ሴራሚክ ራሱ ውሃ አይከለክልም፤ በመገጣጠሚያው ያሳልፋል። ከቅቡ በኋላ ወለሉን ውሃ ሞልተው አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያቆዩት። ውሃው ከጎደለ ሥራው አላለቀም፤ ክፍያም አይፈጽሙ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍ የሌለው ይሁን። ለሦስት ሰው 1.5 በ1.8 ሜትር፣ ከፍታው 2.2 ሜትር ይበቃል፤ ይህም 6 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ማሽኑ በሜትር ኩብ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ 6 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 27 አምፔር ይሆናል። ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት የሕንፃው መስመር ይህን ይችል እንደሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ፤ በእርጥብ ክፍል ሁሉ ምድር ሽቦና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ግዴታ ነው።

ለዚህ ከተማ እንፋሎት እንግዳ ነገር አይደለም። በፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚዎች ወሸባ እያሉ የሚያሳዩት የእንፋሎት መታጠቢያ ፍርስራሽ አለ። ወሸባ የሚለው ቃል ከሰው ተለይቶ መቆየትን ያመለክታል፤ ለእንፋሎት ክፍልዎ ከዚህ የተሻለ የንድፍ ሐሳብ አያገኙም። ከሻወሩ እስከ እንፋሎቱ፣ ከእንፋሎቱ እስከ ማሳጁ በፎጣ ብቻ የምትራመድ ሴት ልብስ በለበሰ ሰው ፊት ማለፍ የለባትም። ሴቶችና ወንዶች በተለያየ ሰዓት ወይም ቀን ይግቡ። መተላለፊያው ቢጠብ ይጥበብ እንጂ ይህን አያፍርሱት።

የወይባ ጢስ ላክልበት ብለው እንደሚያስቡ እገምታለሁ፤ ሙሽሮች ይጠይቁዎታል። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ውስጥ ግን አይገባም። ጓሮ ካለ ከዋናው ቤት የተነጠለ፣ ጭስ መውጫው ሰፊ የሆነ፣ ራስ ከጭሱ ውጭ የሚቀርበት ቦታ ይሠራለታል። ጓሮ ከሌለ አገልግሎቱን አይስጡ፤ እርጉዝ፣ የአስም ወይም የልብ ሕመምተኛ ደግሞ ጓሮ ቢኖርም አይግባ።

አሁን ስለ ኮርኒሱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ አንገቱን ቀና ያላደረገ ሰው የለም፤ ከላይ ወደ ታች የሚያዩት የመላእክት ፊቶች ኮርኒሱን ሁሉ ይሞሉታል። ኮርኒስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ጎንደር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያንን ሥዕል ግን ስፓ ውስጥ አይቅዱት፤ ልብስ ለሚወለቅበት ክፍል አልተሳለም፤ ምእመናንን ያስቀይማል። የእርስዎ ኮርኒስ ጸጥ ያለ፣ ከግድግዳው ትንሽ የጠቆረ፣ ብልጭታ የሌለው ይሁን። ከአልጋው በላይ ቀጥታ ወደ ዓይን የሚያበራ አምፖል እንዳይኖር፤ መብራቱ ከግድግዳ ሥር ወይም ከመደርደሪያ ጀርባ ይውጣ፣ የሚቀነስና የሚጨመር ይሁን፣ ቀለሙ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ይሁን። ሐምራዊና ሰማያዊ የሚለዋወጠው መብራት ገላን የታመመ ያስመስለዋል፤ ሠራተኛዋም ቆዳው የቀላበትን ወይም ሽፍታ የወጣበትን ቦታ ማየት አትችልም። በየክፍሉና በኮሪደሩ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ ባትሪ ያለው አምፖል ይስቀሉ፤ ራቁቱን የተኛ ሰው በድንገት ጨለማ ውስጥ ሲቀር የሚሰማውን ያስቡት።

ወለሉ የሚያብረቀርቅ አይሁን። ዘይት የነካው እርጥብ እግር ነጭ ፖርሴሊን ላይ ሲቆም ይወድቃል፤ የዳሌ ስብራት ለአንድ አዛውንት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሲገዙ ካርቶኑን ይመልከቱ፤ ለእርጥብ ቦታ ቢያንስ አር 10፣ ለሻወርና ለእንፋሎት አር 11 የሚል (አር ወለሉ ምን ያህል እንደማያንሸራትት የሚያሳይ ደረጃ ነው) ደብዛዛ ወለል ይምረጡ። በሻወር ውስጥ ወለሉ በየሜትሩ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘቅዝቅ።

ሽታን በተመለከተ፣ በመተማ በኩል የሚመጣ ጥሩ ዕጣን በአጠገባችሁ እያለ ሰው ሠራሽ መዓዛ አይግዙ። የሚጨሰው ግን እንግዳው ከመግባቱ በፊት፣ መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ የተኛ ሰው ጭስ መሳብ የለበትም። ብዙ ሰው መጥፎ ሽታን በዕጣን ለመሸፈን ይሞክራል፤ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ወለሉ ላይ ያለው ፍሳሽ ነው። ብዙም ያልተጠቀሙበት ሲፎን (ከፍሳሹ ሥር ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጎባጣ ቧንቧ) ውስጡ ያለው ውሃ ሲደርቅ የፍሳሹ ጋዝ ወደ ክፍል ይወጣል፤ በሳምንት ሁለቴ አንድ ጣሳ ውሃ ይጨምሩበት። ሌላው ምንጭ በክረምት በደንብ ያልደረቀ ፎጣ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ገመድ ላይ ማስጣት አያዋጣም፤ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ከፏፏቴው የቀደመ ዕቃ ነው። ሙዚቃ ካስፈለገ ክራር በዝግታ ይሁን። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ለማሳጅ ማጀቢያ አያውሉት።

ቀለሙስ? አጭር ነው። ግድግዳው በደረቁ ክፍሎች ኖራ የተቀባ ሞቅ ያለ ነጭ፤ በሰው ወገብ ልክ ሥሩ የአፈር ቀለም፣ ዘይት የነካ እጅ ስለሚያቆሽሸው። አንድ ግድግዳ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ቢሠራ ይበቃል። ከወለቃ የሚመጡት ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች ለእግር ማጠቢያው ጎድጓዳ ሳህንና ለዘይት ማስቀመጫ ያገልግሉ እንጂ መደርደሪያ ላይ አይደርደሩ፤ ሰው የሚዳስሰው ሸክላ ከሚያየው ይበልጥ ይወደዳል። መሶብን የጫማ ቅርጫት አያድርጉት፤ የእንጀራ ዕቃ ነው።

ኪራዩ የ5 ዓመት ስለሆነ የማይነቀለውን ነገር ይቀንሱ። አልጋ፣ ማሞቂያ፣ ሮቶ፣ የእንፋሎት ማሽን፣ ማድረቂያ ሲወጡ ይከተሉዎታል፤ ሴራሚክ፣ ጂፕሰምና ፏፏቴ ለአከራዩ ይቀራሉ። ሮቶውን የማስቀመጥ፣ አዲስ ፍሳሽ የመቆፈርና መስመር የማሳደግ ፈቃድ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሕንፃው በፒያሳ ከጣሊያን ዘመን የቆሙት አንዱ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ከመምታትዎ በፊት የከተማውን የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይጠይቁ።

የምመክረው ይህ ነው። አምስቱን ክፍል ወደ ሦስት ያውርዱ፤ ባለ ቀለም መብራቱንና ፏፏቴውን ሙሉ በሙሉ ይተዉ። ገንዘቡ በመጀመሪያ ለውሃ ማጠራቀሚያና ማሞቂያ፣ ቀጥሎ ለእርጥብ ክፍሎቹ ሥር ቅብ፣ ከዚያ ለበሮችና ለአልጋ ማሞቂያ ይውጣ። ካልበቃዎት የእንፋሎት ክፍሉን ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት፤ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ብቻ አሁን ያስቀብሩ። የእግር ማጠቢያው አግዳሚ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፦ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር፣ አዛውንት ተደግፈው የሚነሡበት ክንድ ያለው፣ ከሥሩ ፍሳሽ የተገጠመለት፣ አጣቢዋም ወገቧ እንዳይጎዳ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው በርጩማ የተዘጋጀላት ይሁን።